አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከማን ጋር?

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ የሚተኙትን ሰው አውቶቡስ መጠበቂያው መጠለያ ሥር ባገኛቸው ሰላምታ ጠፋኝ። ክፍላችን ውስጥ ስንገባ አንገት ሰበር አድርገን እናልፋለን፤ ስንወጣም እንደዚያው ነው። ከዚያ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ዝናቡ ባያግደኝ ኖሮ ያላየሁ መስዬ አልፋቸው ነበር።

እሳቸውም ቢሆኑ ጨንቋቸዋል። ባርኔጣ አላደረጉም እንጂ ቢያደርጉ አንስተው ይገላገሉኝ ነበር። «ዝናብ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «አዎ፣ ዝናብ ነው» አልኳቸው። ሁለት የተማሩ ሽማግሌዎች በሦስት ዓመት ያዋጡት ጨዋታ ይኸው ነው።

ነገሩን ላስረዳ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ እሳቸው ሰዓት ሠሪ ናቸው። የሁለታችንም ኩላሊት ሥራውን ትቷል። ስለዚህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደን፣ አምስት የሚዘረጉ ወንበሮች ባሉበት ክፍል አንድ ክንዳችንን ለማሽን ሰጥተን ደማችንን እናሳጥባለን። ሰዓት ሠሪው ዘጠኝ ዓመት ስለተመላለሱ የክፍሉ አንጋፋ ናቸው፤ የክፍሉንም ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው። በጽሑፍ አላወጡትም፤ ዝም ብለው ነው ያወጡት። ማንም ማንንም አይጠይቅም። የመጣ ይተኛል፣ የጨረሰ ይሄዳል፣ የቀረም ይቀራል።

እንዲህ ጎን ለጎን እንደተገተርን ነርሷ ራሷን በፌስታል ሸፍና እየሮጠች መጠለያው ሥር ገባች። ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ ሁላችንም «ሲስተር» እንላታለን።

«ውይ፣ ሁለታችሁም እዚህ!» አለች ፊቷን እየጠረገች። «አባባ፣ ስትጫወቱ ደረስኩባችሁ?»

«ዝናቡን እያየን ነው» አሉ ሰዓት ሠሪው።

«ጥሩ አጋጣሚ ነው። እርስዎን የማማክርዎት ነገር ነበረኝ። በክፍላችን ትንሽ ጨዋታ ልጀምር አስቤያለሁ። አብረው የሚውሉ ሰዎች እርስ በርስ እንዲተዋወቁ የሚያደርግ ጨዋታ ነው፤ ሥልጠና ላይ ተምሬዋለሁ። እርስዎ እሺ ካሉ ሌሎቹም እሺ ይላሉ።»

ሰዓት ሠሪው ኮታቸውን ቆለፉ። «ልጄ፣ እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እቃቃ ልታጫውቺኝ ነው?»

«እቃቃ አይደለም አባባ።»

«እንግዲያው ምንድን ነው? ሰው በሥራ ይተዋወቃል፣ በጉርብትና ይተዋወቃል። በጨዋታ ተዋወቁ ተብሎ የሚተዋወቀው ሕፃን ነው። ደግሞም ታማሚ ሰው ገመናውን ለምን ይጠየቃል? ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች ነርሷ በትህትና። «ዝምታው አይነቅዝም። ዝም ያለው ሰው ግን ይነቅዛል።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሰዓት ሠሪው በጎን አዩኝና ሳቄን ወደ ሳል ለወጥኩት።

«አባባ፣ አይቆጡኝ፤ ለቀልድ አይደለም» ስትል ቀጠለች። «ከእናንተ መሃል አንድ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አልነግርዎትም። ባለፈው መርፌውን ስነቅል ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ከእንግዲህ አልመጣም፤ አራት ሰዓት ሙሉ ሬሳ መሃል የተኛሁ ነው የሚመስለኝ› አለኝ። ያ ሰው መምጣት ከተወ ሁለት ሳምንት እንኳ አይቆይም። ይህንን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።»

ማንን እንደምትል ገባኝ። ሰዓት ሠሪውም ገብቷቸዋል። በግድግዳው በኩል ያለውን ወንበር የያዘችው አዲስ ገቢዋ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በገባች በወጣች ቁጥር ዓይኗ ፊታችን ላይ የሆነ ነገር ሲፈልግ አያለሁ፤ እኛ ደግሞ ጣሪያውን እናያለን።

ሰዓት ሠሪው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሲስተር፣ አንቺ ልጅ ነሽ። በእነዚያ ወንበሮች ላይ አሥራ አንድ ሰው ሲያልፍ አይቻለሁ። የማላውቀው ሰው ሲሄድ የሚጎድለው ወንበር ነው። የማውቀው ሲሄድ የሚጎድለው ሰው ነው። እኔ በዚህ አቅሜ ስንት ሰው ልቅበር? አለመተዋወቃችን ጨካኝነት አይደለም፤ መተዛዘን ነው።»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። እኔም በልቤ አጨበጨብኩላቸው። ነርሷ ግን በጣም በቀስታ ጠየቀቻቸው፤

«ባለ ባርኔጣውን አያውቋቸውም ነበር አይደል? ያረፉ ጊዜ ታዲያ ቀለለዎት?»

ባለ ባርኔጣው ከአዲሷ ልጅ በፊት በግድግዳው በኩል ይተኙ የነበሩ ሰው ናቸው። ሰዓት ሠሪው «አውቶቡሴ መጣ» አሉና ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ወደሳቸው ሰፈር የሚሄድ አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ነርሷ ጨዋታዋን ይዛ መጣች። ያመጣችው አንድ ትልቅ የሱፍ ክር ድውር ነው። አንዱ ስለ ራሱ አንድ ነገር ተናግሮ፣ የክሩን ጫፍ ይዞ ድውሩን ለሌላው ይወረውራል፤ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ክር ይያያዛል። በወረቀት ላይ ሲያዩት መልካም ነው። እኔም እንደ አራሚነቴ ስህተት አላገኘሁበትም ነበር።

የመጀመሪያው ውርወራ ለሾፌሩ ደረሰ። ሾፌሩ ሃያ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ወፍራም ሰው ነው። ድውሩ ሲመጣበት በለመደው እጁ ቀለበው። የለመደው እጁ ደግሞ መርፌው ያለበት ነው። ማሽኑ ጮኸ! የእሱን ሰምቶ የጎረቤቱ ጮኸ። ነርሷ ወዲህ ስትሮጥ ክሩ እግሯ ላይ ተጠመጠመ፤ ጡረተኛዋ የሒሳብ መምህርት «ልጆች! ልጆች!» እያሉ በነፃ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይደበድባሉ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። አዲሷ ልጅ ግን ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ ሰዓት ሠሪው ለጣሪያው።

ነርሷ ተንበርክካ ክሩን ስትሰበስብ ዓይኗ ውሃ አቅርሯል። «ልክ ነዎት አባባ» አለች። «ጨዋታውን የተማርኩት ሁለት እጅ ላላቸው ሰዎች ነው። እናንተ አንድ እጅ ብቻ እንዳላችሁ ሳላስብ ቀረሁ። ታዲያ ልጅ ያቦካው ካልበቃ ትልቅ ሰው ያግዝ እንጂ።»

ሰዓት ሠሪው ይህንን አልጠበቁም። የሚከራከር ሰው ቢመጣባቸው መልስ አያጡም፤ ጥፋቱን ያመነ ሰው ግን ምን ይደረጋል? ጉሮሯቸውን ጠራረጉና እንደ መቆጣትም እያሉ እንዲህ አሉ፤ «እኔ ምን በወጣኝ! ይልቅ መጠየቅ ካማረሽ ስለ ውሃ ጠይቂን። እኛ ከውሃ ሌላ የምናስበው ነገር የለም።»

ያልታመመ ሰው ይህንን አይረዳም። ኩላሊት ሲቆም ውሃ መውጫ የለውም፤ የጠጡት ሁሉ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ውሃ በልክ ነው። ጠዋት ግማሽ ኩባያ፣ ቀን ግማሽ ኩባያ፣ ማታ ለመድኃኒት መዋጫ አንድ ጉንጭ። ክፍሉ በር ላይ ሚዛን አለ፤ ከልክ በላይ የጠጣ ሰው ሚዛኑ ላይ ሲወጣ እንደ ሌባ ይያዛል። ያ ጥማት ከእኛ ጋር ይተኛል፣ ከእኛ ጋር ይነሣል።

ነርሷ ቀና አለች። ክሩን ጥላ ለረጅም ጊዜ ሰዓት ሠሪውን አየቻቸው።

ረቡዕ መጣች። ክር የለም፣ ወረቀት የለም። መርፌዎቻችንን ካስተካከለች በኋላ በክፍሉ መሃል በርጩማ ላይ ተቀመጠችና «ዛሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው» አለች። «ጥያቄውን ያወጡት አባባ ናቸው።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ሚዛን የለም፣ ልክ የለም፣ ሐኪምም የለም እንበል። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ትንፋሽ እንዲጠጡ ተፈቅዶልዎታል። የት ሆነው ይጠጡታል? ከማን ጋር? መናገር ያልፈለገ ‹እለፉኝ› ይበል፤ ለምን የሚለው የለም።»

 መጀመሪያ ሾፌሩ ተነፈሰ።

«ተራራው ወገብ ላይ ከድንጋይ መሃል የሚወጣ ምንጭ አለ» አለ። «ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ባለፍኩ ቁጥር መኪናዬን አቁሜ ጠጥቻለሁ። ሚስቴን አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ ብያት ነበር። ነገ ነገ ስል እሷም እግሯን ታመመች፣ እኔም መሪ ለቀቅኩ። ከሷ ጋር ነው የምጠጣው። እሷ ትቅደም። እኔ መዳፌን እዘረጋላታለሁ።»

ይህ ሰውዬ ከመሳደብ ሌላ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

መምህርቷ ተከተሉ። «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠረጴዛዬ ላይ በመሐረብ የተሸፈነ ብርጭቆ ነበረኝ። ተማሪ ፊት መጠጣት ክብር የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር። ደወል ሲደወል አበባው ላይ እደፋዋለሁ። አሁን ማታ ማታ ያንን ሁሉ ውሃ እደምራለሁ፤ ድምሩ ልብ ይሰብራል። የምጠጣው እዚያው ክፍሉ ፊት ነው። ከመጨረሻው ረድፍ ረባሾች ጋር።»

«ቲቸር፣ እኔ የመጨረሻው ረድፍ ነበርኩ» አለ ሾፌሩ።

«አፍህ ይመሰክራል» አሉ መምህርቷ፤ ክፍሉም ሳቀ። በዚያ ክፍል የሰው ሳቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ተራው የኔ ሆነ። «ከታላቅ ወንድሜ ጋር፣ እሱ ደጃፍ ላይ» አልኩ። «ከተኳረፍን ስምንት ዓመት ሆኖናል። ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር፤ እኔ ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መለስኩለት።» ለማንም ተናግሬው የማላውቅ ነገር ነበር፤ ስናገረው ፊቴ ጋለ። መምህርቷ ግን «እኔም አደርገው ነበር» ብለው አጽናኑኝ።

«እለፉኝ» አሉ ሰዓት ሠሪው። ነርሷ ራሷን ነቅንቃ አለፈቻቸው፤ አልለመነቻቸውም። ይህ ጨዋታ ከመርማሪ ጥያቄ የሚለየው በዚህ ነው። አልናገርም ያለ ሰው በክብር ይታለፋል። በግድ የሚያስተዋውቅ ሰው ሲያስተዋውቅ አይደለም፤ ሲያሳፍር ነው።

ሁላችንም ወደ ግድግዳው በኩል አየን። አዲሷ ልጅ የብርድ ልብሷን ጠርዝ በጣቷ ስትለካ ቆየች።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች። «ከትልቁ የጫማ መደብር ጀርባ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰባት ሴቶች ሆነን እንሰፋለን። አራት ሰዓት ላይ ሁላችንም ማሽን እናቆምና አንድ ጆግ ውሃ ይዞራል። እኔ ጋ ሲደርስ አልጠማኝም እላለሁ። መታመሜን አያውቁም። ካወቁ የሚያስወጡኝ ይመስለኛል። ‹ኮራችብን› ይሉኛል። እና… ጆጉ ሲደርሰኝ ሞልቼ ቀድቼ፣ ከነሱ ጋር እየሳቅኩ ብጠጣ ነው የምመኘው። እዚያ ነው። ከነሱ ጋር።»

 ልጅቷ እዚያ ስትሠራ በዝምታ፣ እዚህም ስትታከም በዝምታ መክረሟን ሳስብ በራሴ አፈርኩ።

«እኔም ልናገር» አሉ ሰዓት ሠሪው በድንገት። ከተኙበት ቀና ለማለት ሞከሩ፤ ነርሷ ትከሻቸውን ደገፈቻቸው።

«አንቺ በያዝሽው ወንበር ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው ይተኛ ነበር። አራት ዓመት ጎን ለጎን ነበርን። እኔ ጋዜጣ ሳነብ የጀርባው ገጽ ወደሱ እንዲዞር አድርጌ እይዝለታለሁ። እስኪጨርስ አልገልጥም። ሲጨርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እኔም እገልጣለሁ። ጨዋታችን ይኸው ነበር። አንድ ሰኞ መጣሁ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ተቀብሮ አድሯል። ሚስት ነበረችው? ልጆችስ? ቤቱ የት ነው? ማንን ላጽናና? ካላወቅኩት ሐዘኑ የሚቀርልኝ መስሎኝ ነበር። ሐዘኑ አልቀረልኝም። የቀረብኝ ሄዶ ማጽናናቱ ነው።» እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ነፃ እጃቸው እንኳ ሊጠርገው አልተነሣም። «ውሃውን የምጠጣው እሱ ቤት ነው። ቤቱን ግን አላውቀውም።»

ነርሷ የተከራከረችውን ነገር ራሳቸው ጨረሱት። ከዚያ በኋላ ስለ ጨዋታው ጥቅም ሊያስረዳቸው የሞከረ አልነበረም።

ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ አዲሷ ልጅ ቀረች። ሰባት ተኩል ሆነ። ስልኳ ዝግ ነው። ነርሷ በር ላይ ወጥታ ትመለሳለች፤ ማሽኑ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሾፌሩና መምህርቷ መርፌ ገብቶላቸዋል፤ ሰዓት ሠሪውና እኔ ገና ተራ እየጠበቅን ነበር።

ሰዓት ሠሪው ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። «የት እንዳለች አውቃለሁ» አሉ። «አቶ አራሚ፣ ይነሡ።»

«አባባ፣ የራስዎ ሰዓት እኮ ያልፋል!» አለች ነርሷ።

«ሰዓት የኔ ሙያ ነው፤ ለእኔ ተይው። ማሽኖቹን ብቻ አቆዪልን።»

ታክሲ ይዘን ከጫማ መደብሩ ጀርባ ወረድን። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። እንደኛ ላለ ሰው ሦስት ፎቅ ማለት ተራራ ነው፤ ደረጃው በታጠፈ ቁጥር ቆመን መተንፈስ ነበረብን። ሰዓት ሠሪውም በእያንዳንዱ እረፍት እኔን መምከር ያዙ፤ እኔ ደግሞ ትናንት የነቃ ሰው ዛሬ ሲሰብክ እየሰማሁ ሳቄን ዋጥኩ።

«ሲስተር ያንን… ጥያቄ ባትጠይቀን» አሉ በመጀመሪያው መታጠፊያ፣ «ይህቺ ልጅ ስትቀር… ወንበር ጎደለ ብለን… ዝም እንል ነበር።»

«ልክ ነው» አልኩ።

«ሰውን ሳያውቁ መርዳት… እንዴት ይቻላል? ሰዓት እንኳ… ከፍተው ካላዩት አይጠገንም።» በሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የብረት መደገፊያውን ይዘው ረጅም ጊዜ ቆዩ። «ሰው ሽማግሌ ሲሆን… የሚያውቀው ሁሉ የሚበቃው ይመስለዋል። እኔ ዘጠኝ ዓመት… የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል እያልኩ… ጎረቤቶቼን አላውቃቸውም ነበር። ሌላ ቦታም ይጀምሩት። ፋብሪካም ይሁን… ትምህርት ቤትም ይሁን… ሰው በአንድ ክፍል ከዋለ ይጠያየቅ። ቀላል ጥያቄ ይበቃል። ለሚጠየቁት ሰዎች የሚስማማ ይሁን እንጂ… ክር አይወርውሩ።»

ይህንን ምክራቸውን አንድም ቃል ሳላርም ለአንባቢ አስተላልፌያለሁ።

የስፌት ክፍሉ በር ክፍት ነበር። ሰባት ማሽኖች፤ ስድስቱ ቆመው ሰባት ፊት ወደኛ ዞረ። ልጅቷ መስኮቱ ሥር ናት። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ከጫማዋ ላይ ሞልቶ ፈስሷል። ስታየን አንገቷን ደፍታ መስፋቷን ቀጠለች።

«ምን እንታዘዝ?» አለች ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ኃላፊ።

የምንናገረውን ሳናስብ መምጣታችን ያኔ ገባኝ። ሰዓት ሠሪው ግን ልጅቷን አይተው ምስጢሯን እንዳይገልጡባት ፈጠን አሉ። «ሱሪ… ለማስጠበብ ነው» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ከስቼ… ወገቤ ላይ አልቆም አለኝ።» ግድግዳውን ተደገፉ።

ልጅቷ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ከዚያ የሁለታችንን ፊት አየች። የራሳችንን እጥበት ትተን እንደመጣን ገባት። እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች፤ ሰባተኛው ማሽንም ቆመ።

«ሱሪ ለማስጠበብ አይደለም» አለች። ድምጿ መጀመሪያ አልወጣም፤ ደገመችው። «ሊወስዱኝ ነው የመጡት። ዘመዶቼ ናቸው። ኩላሊቴ ሥራ አቁሟል። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል አብረን ነው የምንታከመው። ለመውጣት የምሰጠው ምክንያት አልቆብኝ ነው ዛሬ የቀረሁት። ውሃ ስለተከለከልኩ ነው እንጂ ኮርቼባችሁ አልነበረም።»

 ኃላፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ከልጅቷ አጠገብ ያለችው ሴት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየች። ከዚያ ተነሥታ የልጅቷን ካፖርት ከመስቀያው አወረደች፤ አለበሰቻት፤ ቦርሳዋንም ራሷ ያዘችላት።

«እኔም አብሬያት እሄዳለሁ» አለች ለኃላፊዋ። «የት እንደምትታከም ማወቅ አለብን።»

ኃላፊዋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አራት ሆነን፣ በየመታጠፊያው እየቆምን፣ ቀስ ብለን ደረጃውን ወረድን።